ቤት የሚቆየው ሥራ ሲኖረው ነው፦ ከቁስቋም እስከ ሞጣና ቢቸና

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በጥቂቱ የተስተካከለ)



የባቻችን አስተባባሪዎች «ዘንድሮ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር አታውሪን፤ ሁላችንም የምናውቀውን የጎንደርን አንድ ነገር አንሺልን» ብለው አዝዘውኛል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ስለ አንድ የመኖሪያ ግቢ ነው፤ ተማሪ ሳለን በበዓል ቀን ወደ ላይ እየወጣን የጎበኘነው፣ ፎቶ ተነሥተን የተመለስንበት የቁስቋም ግቢ። ያደግሁት ሞጣ ነው፤ ከተመረቅሁ ወዲህም ብዙውን ጊዜ የሠራሁት በሞጣና በቢቸና አካባቢ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። የመሻገሩ ምክንያት የእኔ የትውልድ ቦታ ብቻ እንዳልሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

መልእክቴ አንድ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረው። አሮጌ ቤትን የሚያቆየው የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ቤት የሚቆየው ሥራ ሲኖረውና በዙሪያው የሚኖረው ሰው «የእኔ ነው» ሲለው ነው።

ከከተማ ወጣ ያለው ግቢ

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩና አገር የማስተዳደሩ ኃላፊነት በእሳቸው እጅ ወደቀ። እንደ ቀደሙት ነገሥታት በፋሲል ግቢ ውስጥ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ልባቸው ያረፈው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያምን ተከሉ። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት፣ በግብፅ ካለው ቁስቋም የመጣ ነው፤ ኅዳር 6 የሚከበረውም ይኸው ነው። ከደብሩ ጎን የራሳቸውን መኖሪያ አነጹ።

እስቲ ግቢውን እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ቤት ተመልከቱት። ዙሪያው የግንብ አጥር ነው፤ በአጥሩ ላይ ማማዎች አሉ። ውስጡ ትልቅ የግብር አዳራሽና የእቴጌዋ መኖሪያ ነበረበት። በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። ዛፉ፣ አጸዱ፣ ከከተማው ግርግር የራቀው አየር አለ። ዛሬ ሀብታም ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቪላ እንደሚሠራው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእቴጌዋ ቪላ ደብር፣ ካህናት፣ ሠራተኛና ለማኝ ሁሉ አብረውት የሚኖሩበት መሆኑ ነው። ደጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ፈንጣጣ ቁስቋም ሲገባ

ለእኛ ለሐኪሞች ይህ ግቢ ሌላም ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ከተማዋን ይፈጅ ነበር። ወረርሽኙ ለቤተ መንግሥትም አልተመለሰም፤ ቁስቋም ውስጥ የእቴጌዋና የራስ ሚካኤል ስሁል ቤተሰብ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ የተመረቀ ሐኪም አልነበረም፤ ሐለብ ሳለ ዶክተር ራስል ከሚባል ሐኪም ጥቂት ተምሮ ነበር እንጂ። ተጠርቶ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። የሞቱም የዳኑም ነበሩ፤ ከዳኑት አንዱ የእቴጌዋ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ነው።

እኛ ተማሪ ሳለን ይኼ ቢጠየቅ «ቬንቲሌሽን» ብለን ጽፈን ማርክ እናገኝበት ነበር። ዛሬም የቲቢ ታማሚ ቤተሰብ ሲመጣ የምንለው ያንኑ ነው፦ መስኮት ክፈቱ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ ምድር የጠፋው፣ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በቁስቋም መስኮቶቹ ከተከፈቱ ከ206 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የብሩስ ታሪክ ሌላ ወገንም አለው። እሱ ራሱ ተቅማጥ ይዞት ሲሠቃይ ያዳነው የአገራችን ሰዎች የሚያውቁት ዋጊኖስ ነው። ዛሬ ሳይንስ ዛፉን በእሱ ስም «ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ» ይለዋል። መድኃኒቱን የሰጡት ሰዎች ስም አልተመዘገበም፤ የተቀባዩ ስም ቀረ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ሐኪም የሆነ ሁሉ ያስብበት።

ምን ፈረሰ? ምን ቀረ?

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። የእሳቸው፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በቁስቋም እንደሚገኝ ጎብኚ ሁሉ ያውቃል። ከእሳቸው በኋላ መኖሪያው ኗሪ አጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ መጣ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ላይ፣ ሣር ውኃ በሚባለው ስፍራ ገጠሙትና ድል ሆኑ፤ ጎንደር ተቃጠለች፣ ቁስቋምም አብሮ ነደደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። እሳቱ ለሁለቱም ደርሷል፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ለቤተ መንግሥቱም። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠራ። ምክንያቱም በማግሥቱም ቅዳሴ ነበረ፣ ኅዳር 6 ይመጣ ነበር፣ ሰው መቅበር ነበረበት፣ ልጅ ክርስትና ማንሣት ነበረበት። ቤተ መንግሥቱ ግን ሥራ አልነበረውምና ጣራ የሚያለብሰው አልተገኘም። አንድ ግቢ፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ኖራ፤ ዕጣቸው ግን ተለያየ።

ቁልቁል ወርዳችሁ የፋሲል መዋኛን እዩ። እሱም እንደ ቁስቋም በጥንት ዘመን ከከተማው ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ከቦታል። በገንዳው መሐል ያለው ቤት ቆሟል፣ አጥሩ ቆሟል፣ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር ግንቡን እንደ ጅማት ይዞታል። ለምን? በየዓመቱ ጥር ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታላ! ገንዳው ካፈሰሰ በዓሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሳይበላሽ ይጠገናል። ጥምቀት ዓመታዊ ቼክአፑ ነው ማለት እንችላለን።

የአዲስ አበባ ምሩቃን እዚህ ካላችሁ ምስክር ሁኑኝ። የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉበት እሱ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። በእንግሊዝ አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ የባላባት ቤቶች ፈርሰዋል፤ በአዲስ የመኖሪያ ሰፈር መሐል ከነፓርካቸው ከተረፉት ብዙዎቹ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም የሕዝብ መናፈሻ የሆኑት ናቸው። ነገሩ በሁሉም አገር ያው ነው።

የቁስቋም ልጅ በጎጃም

አሁን ዓባይን እንሻገር። እቴጌ ምንትዋብ ከአፄ በካፋ በኋላ ከወለዷቸው ሦስት ሴቶች ልጆች አንዷ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የአስቴር እህት። ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ። ልጃቸው ታላቁ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዙ፤ ቅድም ሣር ውኃ ላይ ያነሣኋቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከዚሁ ዘር ይቆጠራሉ። ማለትም ጎንደርን ለማዳን ዘምተው ያልተሳካላቸው ንጉሥ የቅድመ አያቶቻቸውን ቤት ሲቃጠል ያዩ ሰው ናቸው።

ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ሞጣ ጊዮርጊስን ተከሉ። እናታቸው ቁስቋም ላይ ያደረጉትን ልጅየዋ ሞጣ ላይ አደረጉት ማለት ነው። በዘመኑ ልማድ ደብር ሲተከል ለካህናቱና ለመኳንንቱ መሬትና የቤት ቦታ ይደለደል ነበር፤ ሽያጩና ስጦታው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ከእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ እናያለን። እኛ ሞጣ ያደግን ልጆች የምንሮጥበት ሰፈር እንዲህ በደብር ዙሪያ ተሸንሽኖ የተሠራ ነው፤ ዛሬ «ማስተር ፕላን» የምንለውን በብራና ጽፈውታል።

ግን አንድ ልዩነት አለ። ሞጣ ብትሄዱ እንደ ጎንደር የቆመ ግንብ አታገኙም። የጎጃም ባላባት እልፍኝና አዳራሽ፣ ማድ ቤቱና ጋጣው፣ አብዛኛው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ በዓይነ ኅሊናው ይሥለዋል፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ግቢ ያቆሙት ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ነው። በልቦለድ ያለው ግቢ ቆሟል፤ በእውነት የነበሩት ግን እንጨታቸው በስብሶ፣ ቦታቸው ተሸንሽኖ የሰው ቤት ሆኗል። ቢቸናን ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ያስተዳድሯት ነበር፤ ያም ዘመን ሩቅ አይደለም፣ ግን የዚያ ጊዜ ግቢዎች በአዳዲስ ቤቶች ተውጠዋል።

ታዲያ በሞጣና በቢቸና የቀረው ምንድን ነው? አጸዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው። እናንተ ፓርክ የምትሉት በእኛ ቤት ይኼ ነው። በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ እርሻና ባሕር ዛፍ ሲሆን የደብሩ ዛፍ ቆየ፤ ከተማው ሲሰፋ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራዎች መሐል ብቻውን አረንጓዴ ሆነ። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው። የደን ተመራማሪውና ደራሲው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚህ ደኖች ላይ ከሠሩት ጥናት አንድ ነገር እናውቃለን፦ ከብት የሚገባበት ደን ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ከሥሩ ግን ችግኝ የለውም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። በእኛ ቋንቋ ምልክት የማያሳይ ሕመም ማለት ነው። ምልክቱ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ሕክምናው ደግሞ ውድ አይደለም፤ የድንጋይ አጥርና የሰፈሩ ስምምነት ነው።

የሰባራ ድልድይንም ሳላነሣ አላልፍም። በአፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ ተሠርቶ የሞጣን ሰው ከበጌምድር ጋር ያገናኘ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም፤ ለብዙ ዓመታት ነጋዴውም ዘመድ ጠያቂውም በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። የቆየው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የሰው ፍላጎት ነው ያቆየው።

ጎረቤቱን አትርሱት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን እግር አሰብረው መጡ። ቤታቸው ከአንድ አሮጌ ግቢ አጥር ሥር ነው፤ ስሙን እዚህ አልጠራውም። ክረምት ነበር፣ ድንጋይ ተንዶ ልጁን አገኘው። ጀሶ እያሰርን ሳለ «እማ፣ ለምን ለሚመለከተው አላመለከቱም?» አልኳቸው። «ዶክተር» አሉኝ፣ «አጥሩን ልጠግን ስል ቅርስ ነው አትንኪ ይሉኛል። ሲናድ ግን የሚመጣ የለም። ታሪኩ የእናንተ ነው፣ ድንጋዩ የእኔ ነው።»

ልጁ ድኖ ሄደ። ንግግራቸው ግን ከኔ ጋር ቀረ። በቅርስ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ጣራው ቢያፈስ ለማደስ ይከብደዋል፤ ሽንት ቤት ልቆፍር ቢል ይከለከላል፤ ጎርፉ ከግቢው ወደ እሱ ይወርዳል። እንደዚህ የተጨነቀ ሰው ማታ ማታ አንድ ድንጋይ ፈልፍሎ ለቤቱ መሠረት ቢወስድ እኔ አልፈርድበትም። የግንቡም ጤና የጎረቤቱም ጤና አንድ ነው።

አንዳንድ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው ይላል፦ ሰዉን አንሥቶ ግቢውን አጽድቶ ለጎብኚ መክፈት። እኔ በዚህ አልስማማም። ላሊበላ ብትሄዱ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተዋል፤ ያማሩት የድንጋይ ክብ ቤቶች ብዙዎቹ ባዶ ቀርተዋል። ቤቱ ቆሞ ሕይወቱ ወጣ። ቁስቋምን ያስተማረን ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ ሰው የቀረበት ክፍል ተሠራ፣ ሰው የለቀቀው ፈረሰ። ጣራ የሚያለብሰው፣ ሌባ የሚጠብቀው፣ ዕሁድ ጠዋት መጥቶ «ይኼ ግድግዳ ዘንድሮ አብጧል» የሚለው ሰፈርተኛው ነው። እሱን ካነሣን በኋላ ዘበኛ መቅጠር አለብን፤ ዘበኛ ደግሞ ደመወዝ ሲቋረጥ ይሄዳል።

የእኛ ድርሻ

መምህሮቻችን፣ ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ትምህርት ተወስዶ ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ ቆላድባ ሲላኩ የተማሩት ነገር አንድ ነው፦ በሽታው አልጋ ላይ ብቻ የለም፤ ውኃው ላይ፣ መንደሩ ላይ፣ ቤቱ ላይ ነው። በኋላም በቲቲፒ ስንወጣ ቤት ለቤት እየዞርን መስኮት የቆጠርነው፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ይኸው ዕውቀት ለአሮጌ ግቢም ይሠራል እላለሁ። ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ካርድ እናውጣላቸው። ታማሚን ያለ ካርድ አንከታተልም። ለቁስቋም፣ ለፋሲል መዋኛ፣ በየተወለድንበት ከተማ ላለው አሮጌ ግቢና የቤተ ክርስቲያን አጸድ አንዳንድ ማኅደር ይከፈት። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ አራቱን ማዕዘን ፎቶ ማንሣት። ስንጥቁን መለካት፣ ቀን መጻፍ። ይህን ለማድረግ አርኪዮሎጂስት መሆን አያስፈልግም፤ ታካሚ መከታተል የለመደ ሰው ይበቃል። ለጥገና በጀት የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ነው።

ሁለተኛ፣ ከውኃና ከሽንት ቤት እንጀምር። ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ጥር 11 ፋሲል መዋኛ የሚመጣውን ሕዝብ አስቡት። ተማሪዎቻችን ከነመምህራኖቻቸው የመጀመሪያ ርዳታ ድንኳን፣ የእጅ መታጠቢያና የሚጸዳ ሽንት ቤት ቢያዘጋጁ ግንቡ ሥር የሚሸና አይኖርም። ለሰው የሠራነው ለድንጋዩም ሆነ ማለት ነው። የጎርፍ መውረጃ ደግሞ ከግቢው አልፎ የጎረቤቱን ቤት ጭምር የሚያድን ሆኖ ይቀየስ። ያቺ እናት የጠየቁት እሱን ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለምሥራቅ ጎጃም ልጆች ነው። የቆመ ግንብ የለንምና «ቅርስ የለንም» አንበል። ቅርሳችን አጸዱ ነው። ሞጣም ቢቸናም አዲስ ሰፈር ሲቀየስ የደብሩ ዛፍ ከሰፈሩ ውጭ እንዳለ ትርፍ መሬት ሳይሆን የሰፈሩ ሳንባ ሆኖ ይቆጠር። አጥር ለማጠርና ችግኝ ለመትከል ካህናቱ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚጎድላቸው ድንጋይ የሚያጓጉዝ መኪናና አብሮ የሚቆም ሰው ነው። ከየባቹ ጥቂት ሰው ከተባበረ አንድ አጸድ ማጠር ይቻላል። ከጎንደር የወጣች አንዲት ሴት ለሞጣ ደብር ሰጥታናለች፤ እኛ ከጎንደር ተምረን የወጣን አጥር ብንሰጣት ብዙ አይደለም።

ወጣት መምህራን እዚህ ብዙ ትታያላችሁ። ተማሪዎቻችሁን ወደ ቁስቋም ስትወስዱ ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ይህ ቤት ነገ ምን ሥራ ይሠራል? ከአጥሩ ውጭ ያሉት እናትስ ምን ያገኛሉ? ለሁለቱም መልስ ያለው ቤት ይቆያል።